«ማንም የለኝም» የሚለው መልስ

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሚስ ይላታል። ሽንኩርት ሻጯም ሚስ፣ ቆጣሪ አንባቢውም ሚስ፣ በዕድሜ አባቷ የሚሆኑት የታችኛው ቤት ልብስ ሰፊም ሚስ። እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ሰው መንገድ ላይ ቢያጋጥማት፣ ማንን ነው ብላ ዘወር ሳትል አትቀርም። ሠላሳ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምራለች፤ ሃያ አምስቱን በትምህርት ቤት፣ የቀረውን ከልብስ ሰፊው በላይ በተከራየችው አንድ ክፍል ውስጥ።

ክፍሏ ውስጥ ሰባት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ደግሞ ለብቻዋ የቆመች አንዲት ወንበር አለች። ይህችን ወንበር የፈራ እንጂ የወደደ ተማሪ የለም። ሚስ የምታስተምረው የሥራ ቃለ መጠይቅ እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ሰው ከጠረጴዛ ማዶ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ሲባል የሚመልሰውን። «እንግሊዝኛ ልማር ያላችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ፤ ዕድሜያችሁን ትጨርሱበታላችሁ» ትላለች ገና በመጀመሪያው ቀን። «እዚህ የመጣችሁት ለሃያ ደቂቃ ነው። ሃያ ደቂቃ ማስመሰል የሚያቅተው ሰው ደግሞ የለም።»

በመጀመሪያው ሳምንት አንድም ዓረፍተ ነገር አታስተምርም። መግባት፣ ሰላም ማለትና መቀመጥ ብቻ ነው። አንድ ትከሻው በር የሚሞላ ግንበኛ ነበር፤ በሩን ሲደበድበው የግድግዳው ቀለም ረገፈ። «ልትቀጠር ነው የመጣኸው ወይስ ልታስረኝ?» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እሷ ግን ፈገግ እንኳ ሳትል አሥራ አምስት ጊዜ አስወጥታ አስገባችው። ግንበኛው ዛሬ የአንድ ትልቅ ሆቴል ጥገና ኃላፊ ነው።

ዝናዋ ግን ከዚህ አልመጣም። ሕግ ነበራት፦ ተጠይቆ የወጣ ተማሪ ወደ ቤቱ ሳይሄድ፣ እህል ውሃ ሳይል፣ መጀመሪያ እሷ ዘንድ መጥቶ የተጠየቀውን አንድ በአንድ ይናገራል። «ጥያቄ ካደረ ይበላሻል» ትላለች። ጥያቄውን፣ የተሰጠውን መልስና የመጣውን ውጤት በደብተር ትጽፋለች። በአምስት ዓመት ውስጥ የባንኩም፣ የሆቴሉም፣ የሆስፒታሉም ጠያቂ ምን እንደሚል ውሃ አድርጋ አወቀች። «ሚስ ያስተማረችው አይወድቅም» መባል ተጀመረ። ይህን ስትሰማ ደስ ይላት ነበር፤ እውነቱ ከተነገረ ደግሞ ከመደሰትም አልፋ ትኮራ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ድርጅት መጣ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ባለ መስታወት ሕንፃ ሦስተኛውን ፎቅ ያዘና ማስታወቂያ ለጠፈ። ሥራው ባሕር ማዶ፣ በአንድ ደሴት ላይ፣ ዓሣ ማሸግ ነው። የደሞዙ መጠን ሲነገር ሰው ይስቅ ነበር፤ ባለማመን። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነበር፤ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው። በሳምንቱ የሚስ አግዳሚዎች ሞልተው መስኮቱ ላይ ሳይቀር ሰው መቀመጥ ጀመረ።

ጠያቂው ቀጭን፣ ባለ መነጽርና እጅግ ትሑት ሰው ነው አሉ ተማሪዎቹ ሲመለሱ። ውሃ በራሱ እጅ ይቀዳል። መጀመሪያ የተለመደውን ይጠይቃል፤ ምን ሠርተህ ታውቃለህ፣ ቅዝቃዜ ትችላለህ ወይ። ከዚያ ብዕሩን ያስቀምጥና ሁልጊዜ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቃል፦ ብትታመሚ ማን ያስታምምሻል? በየሳምንቱ የምትደውዪው ለማን ነው? ስድስት ወር ድምፅሽ ቢጠፋ ማን ይፈልግሻል?

ሚስ ጥያቄዎቹን ስትሰማ ደስ አላት። የደህና ቤተሰብ ልጅ፣ ተጠሪ ያለው ሰው ፈልገው ነው ብላ አሰበች። እናቴ ትወደኛለች፣ አራት ወንድሞች አሉኝ፣ አጎቴ ፖሊስ ነው የሚለውን አሳምራ አስተማረች። አሥራ አንድ ሰው ላከች፤ አሥራ አንዱም ወድቆ ተመለሰ። በዚያው ሳምንት ግን ወላጅ በሌላቸው ልጆች ማሳደጊያ ያደገች አንዲት ልብስ አጣቢ፣ እንግሊዝኛዋ ከሦስት ቃል የማይበልጥ፣ ተቀጠረች። ለሦስቱም ጥያቄ የመለሰችው፣ ራሷ ለሚስ እንደነገረቻት፣ አንድ ቃል ነው፦ «ኖባዲ»፤ ማንም። ቀጥሎ ዘመድ የሌለው ዘበኛ ሄደ፤ እሱንም ተቀበሉት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚስ ደብተሯን ዘርግታ ተቀመጠች። የወደቁትን በአንድ ወገን፣ የተቀበሏቸውን በሌላ ወገን አደረገች። ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየ። ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ «ለምን?» ይል ነበር። አንድ አሠሪ ፈላጊ የሌለውን ሰው ምን ሊያደርገው ይመርጣል? ሚስ ግን አስተማሪ ናት፤ አምስት ዓመት ሙሉ የጠየቀችው «ትክክለኛው መልስ የቱ ነው?» የሚለውን ብቻ ነው። አሁን አገኘችው። ናፍቆት የማያስለቅሰው፣ ሰርግና ለቅሶ አለብኝ ብሎ ፈቃድ የማይጠይቅ ሠራተኛ ፈልገው ይሆናል አለች ለራሷ፤ ደብተሯንም ዘጋች።

ሰኞ አዲሱን መልስ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ቅጹ ላይ «የቅርብ ዘመድ» በሚለው ቦታም የለኝም ብለው ጽፈው እንዲፈርሙ አስጠናች። መጀመሪያ አፋቸውን ያዛቸው። አንዲት የጸጉር ቤት ሠራተኛ እንባዋ መጣ።

«ሚስ፣ እናቴን በቁሟ ልቅበራት?»

«ቃል እኮ ነው የኔ ልጅ። ቃል ሰው አይገድልም።»

ልጅቷ ቃሉን ደገመችው። በሁለተኛው ወር ሃያ ሰው በአንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ «ማንም የለኝም፣ ማንም አይፈልገኝም» ሲል ድምፁ በመስኮት እየወጣ መንገድ ላይ ይሰማ ጀመር። ሰፈሩ ተማሪዎቹን «ኖባዲዎቹ» ብሎ ስም አወጣላቸው። ልብስ ሰፊው አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቆሟት።

«ሚስ፣ ይሄን ነገር በሰማሁ ቁጥር ሰውነቴን ይወረኛል። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነው ሲባል የምናውቀው።»

«እርስዎ ሱሪዎን ይስፉ አባባ» አለችና ስቃ ወጣች።

ስልሳ ሦስት ሰው ላከች። ሁሉም ከደሴቱ ፎቶ እንልክልዎታለን ብለው ቃል ስለገቡ አንዱን ግድግዳ አስጠርጋ ገመድ ወጠረችበት። ወር ሄደ፣ ዓመት ሄደ፤ ገመዱ ላይ የተንጠለጠለ ነገር የለም። «ሰው ሲጠግብ ይረሳል» አለች። ሌላም የተለወጠ ነገር ነበር። በመጀመሪያው ሰሞን የተቀጠረ ሰው ዕቃ መሸከፊያ ሦስት ቀን ይሰጠው ነበር፤ በኋላ ግን ሻንጣህን ይዘህ ና ማለት ጀመሩ። የወደቀው በገባበት በር ይወጣል። የተቀበሉት በሌላኛው በር ይሄዳል፤ ከሕንፃው ጀርባ መጋረጃ ያለው መኪና ቆሞ ይጠብቀዋል። ሚስ ይህንንም ቅልጥፍና ነው አለችው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለዚህ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት፣ አንዲት ሴትዮ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ነጠላ ጫማቸው በአቧራ ነጭ ሆኗል።

«ሚስ የሚሉዎት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

«የዚያች የጸጉር ቤቷ ልጅ እናት ነኝ። ከሄደች አሥራ አንድ ወሯ ነው። ስልኳ አይጠራም።» ሴትዮዋ ከደረታቸው ፎቶ አወጡ፤ ሚስ ግን ማየት አላስፈለጋትም። «ድርጅቱ ዘንድ ሄድኩ። ይቺ ሠራተኛ እናት የላትም፣ እርስዎ ማን ነዎት አሉኝ።»

«እንዴት ነው እናት የላትም የሚሉት?»

«ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ፖሊስ ጣቢያ ወስጄ አስነበብኩት። በገዛ እጇ የለኝም ብላ ጽፋ፣ ፈርማበታለች። ፖሊሱም እንደ እብድ አየኝ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ያስተማሯት እርስዎ ነዎትና ምናልባት አጫውታዎት እንደሆን ብዬ ነው። ምን በድያት ነው? ቂም ይዛብኝ ነበር?»

 ሚስ አፍ ውስጥ ያለው እውነት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ልጅዎ አልካደችዎትም፣ እኔ ነኝ ያስካድኳት። ይህን መናገር ግን ስልሳ ሦስቱንም መናገር ነው። ከላይ ደግሞ ተማሪዎቹ ወንበር እያስተካከሉ ነው።

«አልነገረችኝም» አለች።

ይህን ያህል ፈሪ መሆኗን እሷም እስከዚያች ሰዓት አታውቅም ነበር። ሴትዮዋ አመስግነው ሄዱ። አዎ፣ አመስግነው።

የዚያን ቀን ትምህርት የለም ብላ ተማሪዎቹን አሰናበተችና ደብተሯን ገለጠች። ሦስቱን ጥያቄዎች እንደ አስተማሪ ሳይሆን እንደ ሰው አነበበቻቸው። ብትታመሚ ማን ያስታምምሻል? ድምፅሽ ቢጠፋ ማን ይፈልግሻል?  ድርጅቱ ፈላጊ የሌለው ሰው ይፈልጋል፤ ባያገኝ እሷ ፈላጊ ያለውን ሁሉ ፈላጊ አሳጥታ፣ አስፈርማ ላከችለት። እዚያ ደሴት ላይ ምን እንደሚደረግ አታውቅም። ደሴት መኖሩንም አታውቅም።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ቤቷ ውስጥ ነበር። የእህቷ ልጅ በማግስቱ ረቡዕ ለቃለ መጠይቅ ልትቀርብ ነው። እህቷ ስትሞት ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሃያ ሁለት ሞልቷታል። ሚስ አላገባችም፣ አልወለደችም፤ በዓለም ላይ ያላት ይቺው ልጅ ናት። ክፍሉ ውስጥም የምትወዳደራት የለችም። ሚስ ቤት ስትደርስ ልጅቷ ሻንጣዋን ዘግታ ከበሩ አጠገብ አቁማዋለች።

«ነገ አትሄጂም» አለቻት ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

«ምን ሆነሽ ነው እትዬ?»

«ነገሩ አላማረኝም።»

«ስልሳ ሦስት ሰው ሲሄድ አምሮሽ ነበር፤ እኔ ጋ ሲደርስ ነው ያላማረሽ?» ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች። «ብቻዬን ልቀር ነው ብለሽ ፈርተሽ ነው። እኔ እኮ ልልክልሽ ነው የምሄደው። ጡረታሽ ለኪራይ አይበቃ፣ ዓይንሽ ደክሟል፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትለፊው?»

«አፈር ስሆን አድምጪኝ» አለች ሚስ፤ አጠገቧ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻት። ሴትዮዋን፣ ወረቀቱን፣ ስልኩን፣ ባዶውን ግድግዳ ነገረቻት። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማች። ለጥቂት ጊዜ ፊቷ ላይ ፍርሃት ታየ፤ ሚስም አመነችኝ ብላ ተስፋ አደረገች።

«ለእናትየዋስ ምን አልሻቸው?» አለች ልጅቷ።

ሚስ ቦርሳዋን አውርዳ ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ምን አልሻቸው እትዬ?»

«አልነገረችኝም አልኳቸው።»

«ይኸው! ከልብሽ ብታምኚበት ኖሮ የሰው እናት እንደዚያ አድርገሽ ትመልሻለሽ? አንቺ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሽም።» እጇን ያዘቻት። «ደክሞሽ ነው። ጠጪና ተኚ።» ሻይ አፍልታ ሰጠቻት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የዚያን ዕለት ግን ለሚስ ባዳ የሆነባት የገዛ ምላሷ ነበር። አንዴ በዋሸችበት አፍ እውነቱን ብትናገር የሚያምናት አጣች። ልጅቷም ያላመነቻት ስለምትወዳት ነው፤ አክስቷን ክፉ አድርጋ ማሰብ አልሆነላትም።

ጠዋት ሚስ የልጅቷን መታወቂያ ደብቃ ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ስትመለስ ፍራሹ ተገልብጧል፣ መታወቂያው የለም፣ ሻንጣው የለም። ዳቦውን እንደያዘች ሮጠች።

ሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ዘጠኝ ሰዎች ሻንጣቸውን ከእግራቸው ሥር አድርገው ተደርድረው ተቀምጠዋል። ዘጠኙም የእሷ ተማሪዎች ናቸው። ሲያዩዋት በአንድነት ተነስተው በእንግሊዝኛ እንደምን አደሩ አሏት። መልስ ሳትሰጥ በመካከላቸው አልፋ በሩን ከፍታ ገባች።

ልጅቷ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ባለ መነጽሩ ሰውዬ ግን ልክ ሲጠብቃት እንደነበር ሁሉ ፈገግ ብሎ ተነሳ።

«መምህርቷ እርስዎ መሆን አለብዎት» አላት በእንግሊዝኛ። «በሠራንባቸው አገሮች ሁሉ እንደ እርስዎ አድርጎ ሰው የሚያዘጋጅልን አላገኘንም። ለበላዮቼም ጽፌያለሁ።» ውሃ ቀድቶ አቀረበላት።

ሚስ ውሃውን አላየችውም። «ይቺ ልጅ የኔ ናት» አለች። «ሰው አላት። አንድ ሳምንት ድምፅዋ ቢጠፋ እመጣለሁ። ፖሊስ፣ ጋዜጠኛ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ይዤ እመጣለሁ።» ሠላሳ ሁለት ዓመት ያስተማረችው እንግሊዝኛ አፏ ላይ ተሰባበረ፤ ያለፈው ከሚመጣው ተደበላለቀባት፣ ቃል ፍለጋ ተንተባተበች።

ሰውየው በትዕግሥት ሰማት። አንድ ገጽ ገለበጠ። «አሁን ከጥቂት ደቂቃ በፊት ማንም የለኝም ብላኛለች። ፈርማለችም።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ?»

ልጅቷ አክስቷን አየቻት። የታችኛው ከንፈሯ ጫፍ ተንቀጠቀጠ፤ እናቷ የሞተች ዕለትም እንደዚያ ሆኖ ነበር። አክስቴ ናት ትላለች ብላ ሚስ ጠበቀች።

«አላውቃትም ጌታዬ» አለች ልጅቷ። በእንግሊዝኛ፣ ሳትቸኩል፣ ድምፅዋን ሳትጥል፣ ዓይኑን እያየች። ሚስ ሳታስበው ስህተት ፈለገችበት፤ የሚታረም ነገር አልነበረውም።

ሰውየው ብዕሩን አነሳና አንድ ነገር ጻፈ። በእጁም ሌላኛውን በር አሳየ። ልጅቷ ሻንጣዋን አነሳች።

«እምዬ!» አለች ሚስ፣ የሻንጣውን ማንጠልጠያ ይዛ፣ አሁን በገዛ ቋንቋዋ። «ልጄ፣ በሞቴ! እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ አትሂጂ!»

ልጅቷ የአክስቷን ጣቶች አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ፣ እንዳያማት ተጠንቅቃ አላቀቀቻቸው። በሩ ተዘጋ። ሚስ በሩን ገፋችው፤ አልተከፈተም። ከሕንፃው ጀርባ መኪና ሲነሳ ተሰማ። ወደ መስኮቱ ሮጠች፤ መስኮቱ ግን የሚያሳየው የፊት ለፊቱን መንገድ ብቻ ነበር።

ሰውየው ቀጣዩን ልጥራ ብሎ በትሕትና አስወጣት። ኮሪደሩ ላይ ወሽመጧ እንደተቆረጠ ቆመች፤ ዘጠኙም ተነስተው ከበቧት። ለሴትዮዋ መንገር የነበረባትን፣ ማክሰኞ የዋጠችውን፣ አሁን አፏን ሞልታ ልትናገረው ቆርጣለች።

«ወደየቤታችሁ ሂዱ» አለች። «የላክኋቸው ሰዎች ጠፍተዋል። የት እንዳሉ አላውቅም። እናንተን ደግሞ...»

«ሚስ» አለ አንዱ ጣልቃ ገብቶ፣ በስስት እያያት። «የእህትዎ ልጅ ገብታ ነበር። ተቀበሏት?»

ሚስ አልዋሸችም። የዋሸችው ይበቃታል። «ተቀበሏት» አለች።

የዘጠኙም ፊት በራ። አንዷ አቀፈቻት፣ ሌላው እንኳን ደስ ያለዎት አለ፤ የገዛ ልጇን የላከች ሴት ምን ብትል ነው ሌላውን አትሂድ ብላ የምታሳምነው? እንባዋን የደስታና የናፍቆት አደረጉላት። እየጮኸች፣ እጃቸውን እየጎተተች የነገረቻቸውን ከልቡ የሰማ አልነበረም። ከዘጠኙ ስሟ የተጠራ አንዲት ልጅ ኮሌታዋን አስተካክላ፣ ሻንጣዋን አንስታ ገባች።